በግሪንዊች ዘጠኝ፣ በእኛ ስድስት

ገለቴ ነገሳ ባሕርን የምታውቀው በእርሳስ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቷ ከሱሉልታ ሜዳ፣ ቡራዩ ካለው የአክስቷ ቤትና አዲስ አበባ ከተማረችበት ትምህርት ቤት በቀር ያየችው አገር የለም። ሆኖም የኤደን ባሕረ ሰላጤ የት ላይ እንደሚጠብ፣ የሶኮትራ ደሴት ከአሰብ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚጠይቃት ሰው ቢገኝ ዓይኗን ጨፍና ትመልስለታለች። ባሕሩ በየቀኑ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቶ፣ በአራቱም ማዕዘን የወንዝ ድንጋይ ተጭኖበት ይውል ነበር።

መሥሪያ ቤቷ በሜዳው ዳር የቆመች ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ናት። ከመርከቦችና ከሩቅ ወደቦች የሚላከውን የአየር ጠባይ ወሬ በሬዲዮ ትቀበላለች። ሱሉልታ ላይ የተሠራችውም ሜዳው ከከተማው ጫጫታ ርቆ ሬዲዮ በደንብ የሚሰማበት ጸጥ ያለ ቦታ ስለሆነ ነው። ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው። ኃላፊው አቶ ውብአየሁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «መነጽሬን ማን ወሰደብኝ?» የሚሉ፣ በሥራቸው ግን ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ገለቴ ካርታው ላይ ምልክት ትጥላለች። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ የሞርሱን ድምፅ ወደ ቁጥር የሚለውጠው ደግሞ ተድላ ገብረየስ ነው።

ተድላ የሰበታ ልጅ ነው፤ አባቱ ከሰሜን መጥተው እዚያ በፋብሪካ ሥራ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ወደ ጣቢያዋ ተመድቦ የመጣው በ1962 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነበር። አውቶቡሱ እንጦጦ ዳገት ላይ ቢቆምበት ጊዜ፣ ከተማ ድርቆሽ አራግፎ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ገባ። በሩ ላይ ሲቆም ፀጉሩም፣ ጆሮውም፣ የኮቱ ኪስም ሳር በሳር ሆኖ ነበር።

«ይቅርታ፣» አለችው ገለቴ፣ «የላከዎት መሥሪያ ቤቱ ነው ወይስ ገበሬዎቹ ለከብቶቻችን ነው የላኩዎት?»

ተድላ ከኪሱ አንድ እፍኝ ሳር አወጣና ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠ። «እኔን መሥሪያ ቤቱ ነው የላከኝ። ይኼኛው ግን ለከብቶቹ ነው።»

የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት የሰጠችውም እሷ ናት። ግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱ የግሪንዊች፣ አንዱ የእኛ።

«መርከቦቹ ሁሉ የሚናገሩት በግሪንዊች ነው፤ በሬዲዮ የመጣውን እንዳለ ይጻፉ። በስልክ የሚደውልልን የአሰቡ ታዛቢ ግን የእኛው ሰው ስለሆነ በእኛ ሰዓት ነው የሚነግርዎት። እሱ ላይ ሦስት ይጨምሩ።»

«ሦስት።»

«በእኛ ስድስት፣ በግሪንዊች ዘጠኝ። ይህን የረሳ ሰው ባሕሩን ያምሰዋል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ማን በዝርዝር ይናገረዋል? እሱ ቁጥር የጻፈበትን ወረቀት ይሰጣታል፣ እሷ ትቀበለዋለች፤ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ። በመጀመሪያ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀምጥላት ነበር። ቆይቶ በእጇ ይሰጣት ጀመር። ክረምቱ ሲገባ እሷም ስትቀበል አትቸኩልም፣ እሱም ሲሰጥ አይለቅም። «እርስዎ» የሚለው ቃል በመካከላቸው መቼ እንደጠፋ ሁለቱም አላስተዋሉም። አቶ ውብአየሁ ያስተውሉ ነበር፤ ግን መነጽራቸውን የሚፈልጉ መስለው ወደ ውጭ ይወጣሉ።

መስከረም ላይ ከሰበታ ሽማግሌዎች መጥተው ደጅ ቆሙ። የገለቴ አባት ኦቦ ነገሳ እንደ ወጉ «እናስብበት፤ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። ሲያስቡ ግን ወር ሊሞላቸው ነው። ልጁን አልጠሉትም። የጠሉት ሥራውን ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ወዲያ የሚመደብ፣ መሬት የሌለው፣ እንጀራው በአየር ላይ የሆነ ሰው አንድዬ ልጃቸውን ይዞባቸው እንዳይጠፋ ፈሩ።

በ1963 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ሜዳው ሁሉ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ከሶኮትራ ወዲያ ባሕር ላይ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ። ገለቴ በመጀመሪያ ያየችው እንደ ትንሽ ጥርጣሬ ነበር፤ አንዲት መርከብ ነፋሱ ዞረብኝ አለች፣ ሌላዋ ባሮሜትሩ ወረደብኝ አለች። በማግሥቱ እርሳሷ ክብ ሠራ። በሦስተኛው ቀን ክቡ ጠበበ፤ ይህ ማለት ጉልበቱ ጨመረ ማለት ነው። መንገዱም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሆነ።

እንዲህ ያለ ዐውሎ ሱሉልታ ድረስ አይመጣም። ነፋሱ ጠረፍ ላይ ይሞታል። ደመናው ግን ተራራውን ይወጣና በማይዘንብበት ወር ይዘንባል። በ1961 እንዲሁ ሆኖ የታጨደው ሳር ሜዳ ላይ በሰበሰ፤ ያን ዓመት ኦቦ ነገሳ ሁለት የእርሻ በሬና አንዲት ላም በረሀብ ሞቱባቸው። ገለቴ አባቷ ሲያለቅሱ ያየችው ያኔ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አባቷ ጫማቸውን እያሰሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ኢንተላ ኮ፣» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እነዚያ የሰበታ ሰዎች እሑድ ይምጡ በያቸው።» ሌላ አልጨመሩም። ገለቴ ሜዳውን በሩጫ አቋርጣ ልትሄድ ቃጣት፤ ግን ያን ቀን የጎረቤታቸውን የኦቦ ሁንዴን ሞት ሰምታ ለቅሶ መድረስ ነበረባትና ጣቢያው የገባችው ቀትር ላይ ነው።

ስትገባ ተድላ ስልክ ይዞ ነበር። ከአሰብ ነው። አንዲት የእኛ መርከብ ከዐውሎው እምብርት አጠገብ ሆና አሁን ለወደቡ በሬዲዮ ስላስታወቀች፣ ታዛቢው ቦታውንና ሰዓቱን እየነገረው ይጽፋል። ገለቴ መታገሥ አልቻለችም። ጎንበስ ብላ በሌላኛው ጆሮው፣

«እሑድ ይምጡ ብሏል አባቴ» አለችው።

እርሳሱ ቆመ። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ገለቴ ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም። ከዚያ ጽፎ ጨረሰና ወረቀቱን ሰጣት፤ እሷም ካርታው ላይ ምልክቷን ጣለች። በግሪንዊች አሥራ ሁለት ሰዓት ደግሞ ሌላ መርከብ በሞርስ የእምብርቱን ቦታ ላከች። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው፤ በስድስት ሰዓት ዘጠና ኪሎ ሜትር። በዚህ ርምጃ ዝናቡ ሱሉልታ የሚደርሰው ዓርብ ማታ ይሆናል። አቶ ውብአየሁ አዩት፣ ፈረሙበት፣ ለወደቡም በዚሁ ተነገረ።

ሥራ ሊያበቃ ሲል ኦቦ ነገሳ ጣቢያዋ በር ላይ ቆሙ። መጥተው አያውቁም ነበር።

«አካም ጅርተ፣ ያ ጉርባ?»

ጉርባ ማለት አንተ ልጅ ማለት ነው፤ ተድላ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «ፈያ፣ ኦቦ። እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«ሁንዴ አርፏል፣ ሰምተሃል። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ለነገ የጠራሁት ደቦ ነበረ፤ ለሐሙስ ላዛውረው ነው። ሳሬ በሙሉ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተኝቷል። ልጄ ደግሞ ባሕር ላይ አንድ ነገር ተነሥቷል ትላለች። ምን ትለኛለህ?»

«ሐሙስ ይበቃዎታል። ዓርብ ማታ ነው የሚደርሰው።»

ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። «ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ኦቦ ነገሳ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ገለቴ በዚያች ደቂቃ የተጠየቀው ስለ ሳር ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል።

ረቡዕ ቀትር ላይ ስልኩ ሲጮህ ተድላ ማዳመጫውን ደፍቶ ነበርና ያነሣችው እሷ ናት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከመርከብ ወሬ አልመጣም፤ መርከቦቹ መንገዱን ለቀው ሸሽተዋል።

«ዛሬ ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት፣» አለ የአሰቡ ታዛቢ። «ባሮሜትሩ በጣም ወርዷል። ደመናውም ደረሰብን። እናንተ ዓርብ አላላችሁም እንዴ?»

ገለቴ እንደ ልማዷ ቀና ብላ ሁለቱን ሰዓቶች አየች። ሦስት ጨመረችና 09 ብላ ጻፈች። ከዚያ ትናንት ተድላ በስልክ የጻፈው ትዝ አላት። የትናንቱን ወረቀት ከመዝገቡ ውስጥ አወጣችው። በተድላ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በግሪንዊች ዓምድ ውስጥ፣ 06 ይላል። ትናንትም የእኛ ስድስት ሰዓት ነበር፤ እሷ ጎንበስ ብላ እሑድ ያለችበት ሰዓት።

ወረቀቱን ወሰደችለት። ተድላ አየው፣ ማዳመጫውን አወለቀ፣ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«ሦስት አልጨመርኩም» አለ።

ዘጠናውን ኪሎ ሜትር ዐውሎው የሄደው በስድስት ሰዓት ሳይሆን በሦስት ሰዓት ነው። ርምጃው ካሰቡት እጥፍ ነው። ተድላ ወረቀት ላይ አባዛ፣ አካፈለ። «ሱሉልታ ነገ ሊነጋ ሲል ይዘንባል።»

ገለቴ እሑድን አሰበች። ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ ያፈረችበትን ነገር ተናገረች።

«ዐውሎ ነፋስ ነው፣ ተድላ። መንገድ ላይ ፈጠነ ብንልስ? ማን ያውቃል?»

ቁጣ ብትጠብቅም አልተቆጣም፤ እጇን ያዘ። በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ወረቀት እጇን ሲይዝ የመጀመሪያው ነው።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አላት። «አባትሽ ቃልህ ነው ወይ ብለውኝ ቃሌ ነው ብያለሁ።»

መጀመሪያ ለአቶ ውብአየሁ ነገራቸው። እሳቸውም ስልኩን ወደ እሱ ገፉለት። ተድላ አሰብ ደወለ። «የትናንቱ ሰዓት ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የኔ ነው። ዛሬ ማታ እናንተ ጋ ይደርሳል። ማንም እንዳይወጣ።»

«ዛሬ ጠዋት አንዲት ጀልባ ወጥታለች፣» አለ ታዛቢው። «የዲኖ ጀልባ። አራት ናቸው። ከዓርብ በፊት እንመለሳለን ብለው ነው።»

ተድላ ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ኮቱን አነሣና ኦቦ ሁንዴ ወደሚቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ገለቴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችው።

ሲደርሱ ኦቦ ሁንዴ ተቀብረው ሕዝቡ ከቅጥሩ እየወጣ ነበር። የአገሩ ሰው፣ ከቡራዩ የመጡ ዘመዶች፣ ሁሉም ወደ ለቅሶው ድንኳን ሊያመራ። ተድላ በሩ ላይ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ።

«ኦቦ ነገሳ፣» አለ፤ ድምፁ ሁሉም ዘንድ ደረሰ። «ትናንት ዓርብ ማታ ብዬ ቃል ሰጥቼዎት ነበር። ተሳስቻለሁ። ነገሩ አልተለወጠም፣ እኔ ነኝ ሰዓት አሳስቼ የጻፍኩት። ዝናቡ ነገ ሳይነጋ ይመጣል። ሳርዎን ማንሣት ያለብዎት ዛሬ ነው።»

ማጉረምረም ተነሣ። በቀብር ፊት ስለ ሳር! ሰማዩ ደግሞ ኩልል ብሏል፤ አንዲት ደመና የለም። የዕድሩ ዳኛ ጣልቃ ገቡ፤ በቀብር ቀን ማጭድም መንሽም አይነካም፣ ይህ ከአባቶቻችን የመጣ ነው አሉ።

ኦቦ ነገሳ ተድላን እንኳ አላዩትም። ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ነበር። ገለቴ በዓይናቸው ውስጥ ሁለቱን በሬዎች አየች።

«ይዝነብ፣» አሉ። «ሁንዴን አፈር ውስጥ ትቼ ሳር አልለቅምም።»

እንግዲህ አለቀ። ያን ጊዜ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ትሄድ የነበረችው የሟቹ ሚስት አደ ድንቅቱ ቆመች። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቶ ስለነበር ሰው ሁሉ ለመስማት ጸጥ አለ።

«ነገሳ፣ ሁንዴ ሰኞ ማታ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? የነገሳ ሳር ደርቋል፣ ረቡዕ ደቦው ላይ መንሹን የምይዘው እኔ ነኝ አለኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ድንኳኑ የትም አይሄድም። ሂዱና አንሡለት። ሁንዴ የቀረበት ደቦ አይኑር።»

የዕድሩ ዳኛ ቀድመው ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ።

ሱሉልታ ብዙ ደቦ አይታለች፤ እንዲህ ያለውን ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየችም። ዘፈን የለም፣ ጠላ የለም፣ የሚቀልድ የለም። ሁለት መቶ ሰው ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ሳር ይሰበስባል። ገለቴ ከሴቶቹ ጋር እየጠቀለለች ታቅፋለች። አባቷ ክምሩ አናት ላይ ወጥተው ይደረድራሉ፤ ከታች መንሹን ይዞ የሚያቀብላቸው ተድላ ነው። ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ሽማግሌው ያናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ወርውር!»

እሱም ይወረውራል። እጁ የእርሳስ እጅ ነበረና ደምቷል። የመጨረሻው ክምር ሲከደን ፀሐይ ጠለቀች፤ ሕዝቡም ወደ ለቅሶው ተመለሰ።

ሊነጋ ሲል ዝናቡ መጣ። ገለቴ ቆርቆሮው ላይ ስትሰማው ተነሥታ ተቀመጠች። አባቷ በወዲያኛው ክፍል «ዋቀዮ» ሲሉ ሰማች፤ አምላክን ማመስገናቸው ነው። እሷ ግን ስለ አራቱ የጀልባ ሰዎች አሰበችና ማመስገን አቃታት።

ቅዳሜ ከአሰብ ስልክ ተደወለ። ጀልባዋ አልተመለሰችም። ተድላ ሰምቶ ሲያበቃ ወደ አቶ ውብአየሁ ክፍል ገብቶ ተመለሰና፣

«ወደዚያ ይመድቡኝ ብዬ ለአቶ ውብአየሁ አመልክቻለሁ» አላት። «ለአንድ ዓመት። ማስጠንቀቂያው ከዚህ በኋላ ለጀልባዎቹ ከእኔ አፍ ይድረስ። የዲኖ ቤተሰብም ማን እንደተሳሳተ ፊቴን አይተው ይወቁ።»

«ስሕተቱ የኔም ነው። እኔ ነኝ የነገርኩህ...»

«ያንን ቃል ስሕተት አትበይው፣» አላት። «በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። መጨመር የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

አትሂድ ልትለው አፏን ከፈተች። ረቡዕ ቀትር ላይ የተናገረችው ትዝ አላትና ዘጋችው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው የወደደችው፤ ይህን ቢተው ሌላ ሰው ይሆንባታል።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ኦቦ ነገሳ ዛሬ አላቆሟቸውም፤ አስገብተው አስቀመጧቸው።

«ልጃችሁ አሰብ እንደሚሄድ ሰምቻለሁ። እኔ የፈራሁት ይህንኑ ነበር፤ ልጄን ይዞ መራቁን። አሁን ግን ልንገራችሁ። አገር በተሰበሰበበት ተሳስቻለሁ ያለ ወንድ በዚህ ሜዳ አይቼ አላውቅም። እኔም ራሴ ብዬ አላውቅም።» ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ፤ ወደ ጓዳው በር ዞሩ። «ገለቴ፣ የምትጠብቂው አንቺ ነሽ። አንቺ ተናገሪ።»

ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት የምትጠየቅበት ወግ አልነበረም። ገለቴ በሩ ላይ ቆማ፣ መሬት መሬት እያየች፣ ግን በጠራ ድምፅ፣ «እጠብቀዋለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት በየቀኑ አንድ ሰዓት ብቻ ነበረው። ቀትር ላይ ስልኩ ይጮሃል። መስመሩ የመንግሥት ነውና ከቁጥር በቀር ሌላ ነገር አይነገርበትም። ተድላ ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ባሮሜትሩን ይነግራታል። መጀመሪያ ግን ሳያጓድል፣ ቀስ አድርጎ፣ «በግሪንዊች ዘጠኝ፣ በእኛ ስድስት» ይላል። እሷም «በግሪንዊች ዘጠኝ፣ በእኛ ስድስት» ብላ ትመልሳለች። ሌሎች ሴቶች የሚነገራቸውን ሁሉ ገለቴ በእነዚህ ቃላት ውስጥ ሰምታዋለች። የዲኖ ሚስት ለሁለት ወር በሯን ዘግታበት በሦስተኛው ወር ውኃ እንደሰጠችው የነገራት በደብዳቤ ነው።

በ1964 ጥቅምት፣ አንድ ሰኞ፣ ስልኩ ጮኸ። ድምፁ የእሱ አልነበረም።

«ታዛቢው የት አለ?» አለች፤ ደንቡን ረስታ።

«በመንገድ ላይ ነው፣ እመቤት» አለ አዲሱ ሰው።

ማክሰኞ ከኮምቦልቻ ቴሌግራም መጣ። ሰማዩ የጠራ፣ ነፋስ የለም፣ ታዛቢ ወደ ደቡብ ይጓዛል ይላል። ረቡዕ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ሌላ መጣ። ሰማዩ የጠራ፣ ፍጥነቱ ጨምሯል። አቶ ውብአየሁ ቴሌግራሙን አነበቡ፣ ምንም አልገባኝም አሉ፣ መነጽራቸውን ሊፈልጉ ወጡ። ገለቴ እንደ ማንኛውም ነገር ካርታው ላይ ምልክት ጣለችበት፤ የመጀመሪያው አሰብ፣ ሁለተኛው ኮምቦልቻ፣ ሦስተኛው ደብረ ብርሃን። መስመሩን በእርሳስ አገናኘች፣ ርምጃውን ለካች፣ ሰዓቱን አሰላች። ሁለቴ አረጋገጠችው።

ውጭ የአባቷ ሳር እየታጨደ ነበር። ቀትር ላይ ከከተማ ድርቆሽ አራግፎ የሚመለስ መኪና መንገዱ ዳር ቆመ፤ አንድ ሰው ወረደ። ፀጉሩም፣ ጆሮውም፣ የኮቱ ኪስም ሳር በሳር ሆኗል። ገለቴ በመስኮቱ አየችው። ግን አስቀድማ ጎንበስ ብላ ሱሉልታ ላይ የመጨረሻውን ምልክት ጣለች፤ አጠገቡም በግሪንዊች ዘጠኝ፣ በእኛ ስድስት ብላ ጻፈች። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጣ ወጣች።